በጣቢያ በር የዋለ ማኅበር

ሊይዙኝ ሲመጡ ጌሾ እየወቀጥሁ ነበር። የማርያም ማኅበር ተራዬ ደርሶ ጠላ ልጠነስስ ተፍ ተፍ ስል ሁለት ፖሊሶች ሳያንኳኩ ገቡ። እጄን እንኳ ልታጠብ ብላቸው፣ እዚያው ትታጠቢያለሽ አሉኝ። እዚያ ግን ውኃ የለም። ከጣቢያው ጓሮ ካለች ጠባብ ክፍል አስገብተው ቆለፉብኝ። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ በቆርቆሮ የተመታ፣ ጥጉ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ። እጄ ጌሾ ጌሾ እየሸተተ መሐል ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ጥፋቴ ስብሰባ ላይ መናገሬ ነው። ወረታ ላይ ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር ለልማት ይፈርሳል ተብሎ በየበሩ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ሌላው ሲያጨበጭብ እኔ ተነሥቼ፣ ምትክ ሳንይዝ ከቤታችን አንወጣም አልሁ። ምላሴ ድሮም አርፎ አይቀመጥም፤ እናቴ "ይቺ ልጅ አፏ ይገድላታል" ትል ነበር። በማግሥቱ ያዙኝ።

መርማሪው የበኩር ልጄን የሚያክል ወጣት ነው። ክፉ ቃል አልተናገረኝም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በሚቀጥለው ስብሰባ ቆሜ፣ ማኅበራችን የፖለቲካ መዶለቻ ነው፣ ንግግሩን ያስጠኑኝም የማኅበሩ መሪ ናቸው እንድል። መሪያችንን ሙሴ እንላቸዋለን፤ አሮጊት ናቸው። ይህን ካልሁ በዚያው ቀን ቤቴ እገባለሁ። እምቢ ካልሁ ክሱ ይከብዳል።

"ደግሞስ ለማን ብለው ነው?" አለኝ። "ሰፈሩ ተበትኗል። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ አልጠየቀዎትም።"

እውነቱን መሰለኝ። የምበላው ዘቦቹ የሚወረውሩልኝን ደረቅ ዳቦ ነበር፤ ከሰፈር የደረሰኝ ነገር የለም። ያመመኝም ሰፈሬን ስለማውቀው ነው። ቤቶቻችን የጭቃ ናቸው፣ ግድግዳቸው የተያያዘ። እኔ ሳስነጥስ ጎረቤቴ "ይማርሽ" የምትለኝ ከቤቷ ሆና ነው። በጋራው ግድግዳ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ነበረችን፤ ጨው ሲያልቅ ጨው፣ እሳት ሲጠፋ ፍም በዚያች እንቀባበላለን። ክረምት የፎገራ ሜዳ ሞልቶ ውኃው ደጃፋችን ሲደርስ የሰፈሩ ልጆች ወለሉ ከፍ ካለው ቤት ባንድ መደብ ተደርድረው ያድራሉ። የማን ልጅ ከማን እግር ሥር እንደተኛ የሚጠይቅ አልነበረም። ታዲያ ይህ ሁሉ በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ተፈታ? አልሁና አለቀስሁ።

ሐምሌ ሃያ አንድ ጠዋት ዝናብ እየጣለ ከውጭ ጫጫታ ሰማሁ። ቀጥሎ የማኅበራችን ቄስ ድምፅ፣ ጸሎት። ወዲያው ዘቡ በሩን ከፍቶ መርማሪው ይጠራዎታል አለኝ።

መርማሪው ላብ ላብ ብሎታል። ማኅበርተኞቹ በሙሉ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠዋል። ጽዋውን ለቀጣይዋ ተረኛ የምታስረክበው አስተናጋጇ ናት፣ በእጇ ካልሰጠች አንነሣም ብለውታል። ሙሴያችንን አስርዎታለሁ ቢላቸው፣ እሰይ፣ እንግዲያው ማኅበሩን እውስጥ እናደርገዋለን አሉት። ወጥተው አስረክበው ያስነሡልኝ አለኝ፤ እኔም ነገሩን ስሰማ ነፍሴ ተመለሰች። ለማኅበር በዚህ እጅ አልቀርብም ብዬ ውኃ አስመጣሁ። እጄንም ፊቴንም ታጥቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ባለሱቁ ሙስሊም ጎረቤታችን ከሱቁ ሸራ አምጥቶ ከልጆቹ ጋር ዳር ዳሩን ወጥረው ይዘውላቸዋል፤ እሱ ራሱ እስከ አጥንቱ በስብሷል። ከሸራው ሥር የሰፈሬ ሴቶች አንዲትም ሳትቀር። የወቀጥሁትን ጌሾ ከቤቴ ወስደው ጠላውን ራሳቸው ጠምቀውታል።

"አንቺዬ፣ ከስተሻል" አሉ ሙሴያችን። "በየቀኑ የላክነውን ስንቅ ማን በላው?"

ዘቦቹ አንገታቸውን ደፉ። ለካ ስንቁን እየተቀበሉ ለእኔ አያደርሱትም ኖሯል። አስተናጋጅ አይቀመጥም። ቆሜ ዳቦውን አደልሁ፣ ጠላውን ቀዳሁ። ለመርማሪውም ቁራሽ ዘረጋሁለት።

"ሥራ ላይ ነኝ" አለ።

"እኔም ሥራ ላይ ነኝ፣ ልጄ። ደጄ የቆመን ሰው ሳላበላ አልሸኝም።" ቁራሹን እንደዘረጋሁ ቀጠልሁ። "ማን አስጠናዎት ብለኸኝ ነበር። ማንም። አንወጣም ያልሁት እኔ ነኝ። ስብሰባ ብትወስደኝም የምለው ይኸንኑ ነው።"

ሁሉም ሰምተዋል። ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ጽዋውን ለተረኛዋ አስረክቤ፣ እልልታው ሳያባራ፣ ማንም ሳይነዳኝ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ስለ ማኅበሩ ዳግመኛ የጠየቀኝ የለም፤ ጥቂት ቆይተው ያለ ክስ ለቀቁኝ።

ቤቶቹ በኋላ ፈርሰዋል፤ ሐሰት አላወራም። ግን ማንም ምትክ ሳይዝ አልወጣም። ምትኩ የተበታተነ ነው፤ አንዷ ወደ ጎንደር መውጫ፣ አንዷ ወደ ባሕር ዳር መውጫ፣ ያቺ የግድግዳ ጎረቤቴ ደግሞ ቁሐር ሚካኤል። በድሮው ሰፈራችን ሳልፍ አሁንም ቤቴ የነበረበትን በዓይኔ እፈልጋለሁ። ማኅበሩ ግን በየተራችን ከቤት ቤት እየዞረ አንድ ወር አልተጓደለም።

በቀደም የሰፈራችን ልጅ የነበረ፣ ብዙ ዘመን ቆላ ሲሠራ ኖሮ የተመለሰ ሰው መናኸሪያው ዘንድ አገኘኝ። ሲፈልግ ውሎ ግራ ገብቶታል።

"እትዬ፣ ሰፈራችን የት ሄደ?" አለኝ።

"በዚህ ወር ቁሐር ሚካኤል ነው" አልሁት። "ና፣ እኔም ወደዚያው ነኝ።"