በገበያ መንገድ ላይ የተሰቀለው ካባ

ልጄ አሥረኛን ጨርሳ ፍኖተ ሰላም ቴክኒክና ሙያ ስትገባ ማርኬቲንግ ደረሳት። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝና ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሰው እንዲገዛ ማድረግ ነው እማ» አለችኝ። ጉሊት ተቀምጬ ሽንኩርት ስሸጥ የኖርኩ እኔ፣ ይህም ኮሌጅ የሚያስገባ ትምህርት መሆኑን አላውቅም ነበር። ያኔ አሥረኛን ጨርሶ ነጥብ ያልሞላለት ልጅ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያው ስለነበር ሂጂ አልኳት።

በመጨረሻው ዓመት አፓረንት ውጡ፣ ሥራ ቦታ ገብታችሁ ተለማመዱ ተባሉ። ጓደኞቿ ሱቅና የገበሬዎች ዩኒየን ሲደርሳቸው እሷን እዚሁ ቡሬ ወዳለች ትንሽ ሙዚየም ላኳት። የአገሩ ተወላጆች ተሰባስበው ያቋቋሟት፣ ትርፍ የማይገኝባት፣ የድሮ ሰው ዕቃ የተቀመጠባት ሁለት ክፍል ቤት ናት። ኃላፊው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። የልጄ ማለፍ በእሳቸው ፊርማ ነው። እሳቸውም ገና ሥራ ስትጀምር «ሰው አምጪ፤ ሰው ካላመጣሽ አልፈርምም» ብለዋታል። ካልፈረሙ ዓመቱን ትደግማለች። እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ጨምሬ የማስተምርበት ጉልበት አልነበረኝም፤ ወገቤ ያኔም ያመኝ ነበር።

ወረቀት ጽፋ በየምሰሶው ለጠፈች። ማንም አልመጣም። አመሻሽ ላይ ስትገባ ፊቷን ሰርቄ አያለሁ። ብጠይቃት የምታለቅስ እየመሰለኝ ወጥ አቅርቤላት ዞር እል ነበር።

አንድ ቀን ግን ቀና ብላ መጣች። «ለገበያ ቀን መላ አግኝቻለሁ። ገጠሬው ወረቀት አያነብም። ዕቃውን ራሱን ደጅ ላይ ካየ ይገባል» አለችኝ። «እግዜር ይርዳሽ» አልኳት።

በገበያው ቀን ሽንኩርቴን ተሸክሜ ከወንበርማ፣ ከሽንዲ በሚመጣው መንገድ ላይ ስደርስ ከሙዚየሟ በኩል ለቅሶ ሰማሁ። ሴቱ ይጮሃል፤ ወንዱ «ጋሻዬ! መከታዬ!» ይላል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ መሮጥ ጀመርኩ። ልቤ ወደ ኃላፊው ሄደ። እሳቸው ከሞቱ ማን ሊፈርምላት ነው?

ስደርስ ሙዚየሟ ደጃፍ ላይ የእድር ድንኳን ተተክሏል። ልጄ ለፀሐዩ ብላ የተዋሰችው ነው። ከድንኳኑ ፊት የአንድ ጥንት የሞቱ ፊታውራሪ ካባ በገመድ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ጎራዴያቸው፣ ጋሻቸውና ባርኔጣቸው ተደርድሯል። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ልብሱና መሣሪያው እንዲህ ወጥቶ ነው የሚለቀሰው። ልጄ ከተማ ያደገች ናት፤ ከተማ ለቅሶ ላይ የሚወጣው ፎቶ ነው። ከወንበርማ ለገበያ የመጣ ሰው ግን ይህን አይቶ እንዴት አልፎ ይሄዳል? የሰው ለቅሶ አልፎ የሄደ፣ ነገ በራሱ ደጅ ማን ይቆምለታል? ሴቶቹ ሸክማቸውን አውርደው ደረታቸውን ይመታሉ። ልጄ በራሪ ወረቀቷን እንደያዘች መሃላቸው ደርቃ ቀርታለች።

ዱላ የተመረኮዙ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሏት።

«ማን ናቸው ያረፉት ልጄ?»

«ማንም አልሞተም አባ። ጉብኝት ነው። ይግቡና ይመልከቱ።»

«ማንም ካልሞተ የሰው ልብስ ምን ሊሠራ ደጅ ዋለ? ባለቤቱ የታሉ?»

«ባለቤቱማ... ድሮ ሞተዋል።»

ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሞተዋል ትላለች እኮ! ታዲያ ምን ያነጋግረናል?»

ለቅሶው እንደገና ቀለጠ። አንዷ ሴት እንባዋን እየጠረገች ልጄን ገላመጠቻት። «የልጅ ልጃቸው ናት መሰል። ሹሩባዋን ተሠርታ ትቆማለች እንዴ፣ ዓይነ ደረቅ!»

ኃላፊው ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። «ምንድን ነው ያመጣሽብኝ?» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ሰው» አለች ልጄ።

ያን ጊዜ እኔን አየችኝ። «እማ፣ ምን ልበላቸው? ልሸኛቸው?»

«ተይ» አልኳት። «ያለቀሰ ሰው ሳይቀመጥ አይሄድም። ከደጅ ከመለስሻቸው ያዝኑብሻል። አስገቢያቸው።» ነገሩን አብሼባት ይሆናል እያልኩ ኃላፊውን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

ገቡ። ሁለቱም ክፍል ሞላ፤ የተረፈው በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ኃላፊውን እጅ ነስተው «እግዜር ያጥናችሁ» አሏቸው። ኃላፊውም «አሜን፣ እናንተንም ክፉ አይንካችሁ» ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። ምን ያድርጉ? የዚሁ አገር ሰው ናቸው።

ቀስ እያለ ለቅሶው ወደ ወሬ ዞረ። ሴቶቹ ገበቴውን እያገላበጡ አዩት፤ ወንዶቹ በሞፈሩ አሠራር ተከራከሩ። ልጄም ድምፅዋ እየተቆራረጠ ስለ ዕቃው ታስረዳ ጀመር። ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ዱላቸውን መሬት መቱ። «አያቴ ለቀበሯቸው ሰውዬ ነው ያለቀስነው በሉኛ! ደግ፣ የፈሰሰ እንባ ከንቱ አይቀርም» ብለው ሰዉን አሳቁት።

ሰዉ ሲወጣ ኃላፊው ጠሩን። «እመቤት፣ ልጅዎ ሰው መጥራት ትችላለች» አሉኝ። «አጠራሯ ግን አንድ ቀን ሰው ይገድላል።» አልሳቁም። ወረቀቷን አውጥተው ፈረሙ። የሰጧት ለማለፍ የሚበቃውን ነጥብ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት የምስጋና ቃል አልጨመሩላትም። ልጄ ካባውን አጣጥፋ ወደ ቦታው ስትመልስ አለቀሰች፤ በደስታ ይሁን በውርደት አልገባኝም።

ገበያ ስደርስ ቦታዬን ሌላ ሴት ይዛዋለች፤ ለመጣላት አቅም አልነበረኝም። ሽንኩርቴን ይዤ ቤት ገባሁና ጫማዬን ሳላወልቅ መደቡ ላይ ጋደም አልኩ። ልጄ ተከትላኝ ገባች።

«እማ፣ አለፍኩ እኮ!»

«ሰምቻለሁ ልጄ» አልኳት። «ተመስገን ነው። አሁን ትንሽ ልረፍበት።»