መካከለኛው ቀለበት

በዚያ ዓመት ግራ ያልገባኝ ነገር አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሥራዬ ሆሊውድ ውስጥ የሰው መኪና ማቆም ነበር። ሰው ቁልፉን ይሰጠኛል፣ መኪናውን ወስጄ አቆማለሁ፣ ሲመለስ አመጣለታለሁ። ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ እሱ ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀቱም፣ የአሜሪካኖች ቀልድም፣ ከሁሉም በላይ እሷ፣ ድብልቅልቅ ብሎብኝ ነበር።

እሷ የምላት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት የምትሠራ ልጅ ናት። ሁለት ዓመት አብረን ቆይተናል። እጮኛዬ ናት እንዳልል ምንም አላደረግሁላትም፤ ጓደኛዬ ብቻ ናት እንዳልል ደግሞ እሷን ሳላይ የዋልኩበት ቅዳሜ እንደ ቀን አይቆጠርልኝም። በሰኔ መጀመሪያ ላይ ሲያትል የምትኖረው እህቷ የነርስነት ትምህርት ቤት አግኝታላት «ነይ» አለቻት። እስከ ነሐሴ መጨረሻ መልስ መስጠት ነበረባት። ይህን ነገረችኝና «ምን ትላለህ?» አለችኝ። እኔ የሰው ሐሳብ አክባሪ ነኝ ብዬ ስለማስብ «እስቲ አስቢበት» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ሳህኖቹን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጠመንጃ ገዛሁ። ነገሩን ያመጣው የፓርኪንጉ አለቃዬ ነው፤ ሸምገል ያለ፣ ወሬ የማያበዛ አሜሪካዊ። እሑድ እሑድ ከተራራው ማዶ ወዳለው በረሃ ይሄዳል፤ አንድ ቀን እኔንም ይዞኝ ሄደ። በጣም ሩቅ ቦታ ላይ የብረት ሳህን ሰቅሎ ይተኩሳል። ከተኮስክ በኋላ ትንሽ ይቆይና «ኳ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ወይም ምንም አይመጣም። መታህ ወይም ሳትክ፣ በቃ። እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ መድኃኒት ነበር።

ጠመንጃዬ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ ርካሽ፣ በየጥይቱ እጀታውን ስቦ ማጉረስ የሚያስፈልገው ዓይነት ነው። ለሩቅ ግን በባዶ ዓይን አይሆንም አሉኝና ከሌላ ሰው ያገለገለ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ገዛሁ። ጠመንጃውንና መነጽሩን አልጋዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ነው አንዱ በሌላው ላይ በምን እንደሚቀመጥ አለማወቄን ያወቅሁት። አለቃዬን ብጠይቀው «ማውንት ያስፈልግሃል» አለኝ። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ብገልጥ፣ ተራራ ይላል።

«ለጠመንጃ ተራራ ምን ያደርግለታል?» አሉ ጋሼ።

ጋሼ የምላቸው ኮሪያታውን ሰፈር አንድ አፓርታማ ተጋርተን የምንኖረው፣ ታክሲ የሚነዱ ሽማግሌ ናቸው። አገር ቤት ሳሉ በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርተዋል። መዝገበ ቃላቴን ነጥቀው ወረወሩትና ከሱቅ ያመጣሁትን ካታሎግ ሥዕሉን ብቻ እያዩ አስረዱኝ። ታች በጠመንጃው ጀርባ ላይ በብሎን የሚታሰር መቀመጫ አለ። በመቀመጫው ላይ ደግሞ መነጽሩን ከፊትና ከኋላ አቅፈው የሚይዙ ሁለት ክብ ብረቶች ይቆማሉ። ካታሎጉ ሪንግ ይላቸዋል። ጋሼም ሳያመነቱ ቀለበት አሏቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስማቸው ቀለበት ሆነ።

ተገላገልኩ ስል ጭራሽ ባሰብኝ። ቀለበቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ዝቅ ያለ፣ መካከለኛ፣ ከፍ ያለ። የሱቁ ሰውዬ «ዝቅ ያለውን ውሰድ፣ ጉንጭህ ሰደፉ ላይ በደንብ ይቀመጣል» አለኝ። ዝቅ ካለ ደግሞ የእኔ መነጽር ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ከብረቱ ጋር ይነካካል፤ እጀታውንም ስስበው የመነጽሩን ጭራ ይመታዋል። አለቃዬ «ከፍ ያለውን» አለ። ከፍ ካለ ሁሉም ያልፋል፣ ግን አገጬ አየር ላይ ይንጠለጠልና እንደ ግመል አንገቴን መስገግ ሊኖርብኝ ነው። አንድ መጽሔት ደግሞ ለሩቅ የሚተኩስ ሰው በኋላ በኩል ትንሽ ከፍ ያለ የመነጽር መቀመጫ ያስፈልገዋል ብሎ ሌላ ጣጣ ጨመረብኝ። ሳንቲም እየደራረብኩ መነጽሩን ከጠመንጃው በላይ አቁሜ ለካሁ። አንድ ሳንቲም ቀነስኩ፣ ሁለት ጨመርኩ። ሰኔ እንዲህ አለቀ፤ ሐምሌም አለቀ።

ጋሼ በመጨረሻ ተሰላቹ። አንድ ቀን ምሳቸውን ምግብ ቤቱ በልተው ሲያበቁ፣ ከባንኮኒው ስልክ ወደ ፓርኪንጉ ደወሉልኝ። እሳቸው ስልክ ሲያወሩ እኔ ሆሊውድ ሆኜ ያለ ስልክም የምሰማቸው ይመስለኛል።

«ስማ! ቀለበቱን ዛሬ ነገ አትበል!» አሉኝ። «ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀለበት መርጦ መግዛት የሚያቅተው ምን ዓይነት ወንድ ነው? መካከለኛውን ያዝና ጨርስ!»

እኔ ለመካከለኛው ስንት ሳንቲም እንደሚደራረብ ነበር የማስበው። በምግብ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ አላሰብኩም። እሷ ከባንኮኒው ሁለት እርምጃ ርቃ ብርጭቆ ስትወለውል፣ የቤቱ ባለቤት እትዬ ደግሞ ከጓዳ ብቅ ብለው ቆመው እንደነበር የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘኋት። እሑድ ከአለቃዬ ጋር በረሃ እንደምሄድ ታውቃለች እንጂ ስለ ጠመንጃው አልነገርኳትም ነበር። ከአገር ስትወጣ ያየችው አለ፤ ጠመንጃ ሲነሣ ፊቷ ይለዋወጣል።

«ሶ፣ ቀለበት ልትገዛ ነው አሉ» አለችኝ፣ እኔን ሳይሆን መንገዱን እያየች።

ጋሼ ሁሉንም ነግረዋት እሷም አልከፋትም ብዬ ደስ አለኝ። «አዎ፣ ግን ግራ ገብቶኛል» አልኳት።

«ምኑ ነው ግራ የገባህ?»

«ልኩ ነዋ።»

«መጠየቅ ነበር።»

«ያልጠየቅሁት ሰው የለም።»

ሳቀች። «ስንት ነው የምትገዛው?»

«ሁለት ነው እንጂ። አንዱ ብቻውን ምን ይይዛል?»

ቆም አለች። «የግድ ወርቅ መሆን የለበትም፣ ኦኬ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የምን ወርቅ! ብረት ይበቃል።»

የቀለድኩ መስሏት ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። ለጠመንጃ ወርቅ ማሰቧ ገርሞኝ፣ ከየት ታውቀዋለች ብዬ ተውኩት። መቼ እንደምገዛ ጠየቀችኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፣ ጠዋት ገዝቼ ለጋሼ ለማሳየት ምግብ ቤቱ አመጣዋለሁ አልኳት።

«ሰው ሁሉ ባለበት?»

«ምን ችግር አለው?»

አውቶቡሱ መጣ። ከመግባቷ በፊት፣ ከዚያ ቀን በቀር አድርጋው የማታውቀውን፣ ሰው እያየ ጉንጬን ሳመችኝ። እኔም እስከ ቤቴ ድረስ በእግሬ እየሄድኩ ምን እንዳስደሰታት ሳወጣ ሳወርድ ነበር። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ በምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሄጄ መካከለኛውን ገዛሁ። ሰውዬው በትንሽ ጥቁር ካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። ስድስት ሰዓት ግድም ምግብ ቤቱ ስደርስ ጋሼ አልመጡም፤ ሎንግ ቢች የሚሄድ ተሳፋሪ አግኝተዋል ተባልኩ። ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ አምስት ታክሲ ነጂዎች ምሳ ይበላሉ። እሷ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከዚያ በፊት ያላየሁትን ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ዛሬ ምን በዓል ነው ልላት ብዬ ተውኩት።

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ወዲያው እትዬ ከጓዳ በር ላይ «እልልል!» አሉ። ነጂዎቹ መብላታቸውን ትተው አጨበጨቡ። አንደኛው ተነሥቶ ጀርባዬን ደበደበኝ። እኔ ዞር ዞር ብዬ ማን እንደ ገባ ፈለግሁ፤ ማንም አልገባም። እሷ መጥታ ከፊቴ ቆመች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ካርቶኑን አንሥታ ክዳኑን ከፈት አደረገችው።

ውስጡ ሁለት ጥቁር ብረቶች፣ ስምንት ትንንሽ ብሎኖችና አንድ መፍቻ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ጆሮዬ ጋለ፤ ስልኩ፣ ወርቁ፣ ጉንጬን መሳሟ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ማንም ውስጡን ሳያይ ክዳኑን መልሳ ዘጋችና ካርቶኑን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«እንኳን ደስ አላችሁ!» አሏት።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለች፣ እየሳቀች። እትዬ አገላብጠው ሳሟት። እኔን አላየችኝም።

ትንሽ ቆይታ በጓዳ በኩል ወደ ኋላው ፓርኪንግ ወጣች፤ ተከትያት ሄድኩ። ሳቋ ፊቷ ላይ የለም። ካርቶኑን መለሰችልኝ።

«ምንድን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሌላ የምለው ስለ ጠፋኝ መቀመጫውንም፣ የመነጽሩን ፊት ስፋትም፣ ሳንቲሞቹንም ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ስንት ዓይነት ነው ያልከኝ?»

«ሦስት።»

«ሦስቱንም ለክተህ አንዱን መረጥክ።»

«አዎ።»

«እኔ አንድ ነኝ» አለችኝ። «ከአንድ መምረጥ እንዴት ያቅትሃል?»

ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ያኔ አፌ ላይ የነበረው «አግቢኝ» ይሁን «ይቅርታ አድርጊልኝ» እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ሁለቱም እውነት ነበሩ። የትኛው ይቅደም እያልኩ ሳለሁ እትዬ ከውስጥ ጠሯት፣ እሷም ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ገባች፣ በሩም ተዘጋ። እወዳት ነበር። ይህን ጮክ ብዬ ለመናገር የሚያስፈልገኝ ልኬት እንደሌለ ማንም አልነገረኝም፤ መነገርም አልነበረበትም።

ወሩ ሳያልቅ ሲያትል ሄደች። የዚያን ቀኑን ነገር ለማንም አልተናገረችም፤ ለእትዬ «ለሰርጉ ከእህቴ ጋር ልዘጋጅ» ብላ ነው የተሰናበተቻቸው። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ብዙ አስቤ፣ እኔን ከሐበሻ ሁሉ መሳቂያነት ለማዳን እንደሆነ ተረዳሁ፤ ይሄም ከስድብ ይልቅ አቃጠለኝ። የቀለበቱን ነገር የሚያውቁት ጋሼም አላወሩብኝም። ደብዳቤ ጻፍኩላት፣ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ አንድ መልስ መጣ፤ ትምህርት መጀመሯን፣ ደህና መሆኗንና ከእንግዲህ እንዳልጽፍላት የሚነግረኝ።

ደብዳቤው በደረሰኝ ሳምንት ከነዚያ ታክሲ ነጂዎች አንዱ ፓርኪንጉ በር ላይ መኪናውን አቆመና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ሙሽራው! ሰርጉ መቼ ነው? ዴይ ኦፍ እንድጠይቅ ንገረኝ እንጂ!»

«እሷ ስትመለስ» አልኩት።

ደስ ብሎት ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋልኝና ሄደ። እንደማትመለስ ከእኔ በቀር ፌርፋክስ ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።