አሥራ አራተኛው ቀይ ክር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የሰው ቤት እጣቢ ቀሚሴ ላይ ተደፋብኝ።

ጋሽ ታደሰ አራዳ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። የቧንቧ ዕቃ ይሸጣሉ፤ የተዘጋ ፍሳሽ ለመክፈትም ይጠራሉ። እኔ የተቀጠርኩት ሱቁን ለመጥረግ ነበር። በዚያ ጠዋት አንድ ሴትዮ ከፒያሳ መጥተው የማድ ቤታቸው ላቫንዲኖ ውሃ አላወርድ እንዳለ ተናገሩና «ግን ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ወንድ አላስገባም» አሉ። ጋሽ ታደሰ መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብለው የቧንቧ መፍቻ አስያዙኝ።

«ከሥሩ የታጠፈ ቧንቧ አለ፤ ሲፎን ይባላል። ፈትተሽ፣ አጥበሽ፣ መልሰሽ ግጠሚው።»

ፈታሁት። ሲፎኑ ለስንት ጊዜ ይዞት የኖረውን ሁሉ ባንዴ ለቀቀብኝ። ሱቅ ስመለስ ጋሽ ታደሰ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ።

«ላቫንዲኖው ተከፈተ?»

«ተከፍቷል።»

«ሴትዮዋስ ምን አሉ?»

«ቀሚስ ላውስሽ አሉኝ።»

«ባልዲ ቢያውሱሽ ይሻል ነበር» አሉና ወደ ሒሳብ መዝገባቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባልዲ ሳላስቀድም አንድም ቧንቧ ፈትቼ አላውቅም።

በሥራችን እንደ መሥሪያ ቤት ደረጃ ባይኖርም ደረጃ አለ። መጀመሪያ ጠራጊ ነው፤ ቀጥሎ ዕቃ አቀባይ፣ ከዚያ ረዳት። መጨረሻው ባለ ስፕሪንግ ነው። ስፕሪንግ የምንለው ቧንቧ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚገባውን ተጣጣፊ የብረት ገመድ ነው። እሱን የሚይዝ ሰው ሥራውን ይመራል። እኔ ከጠራጊነት እዚያ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። በእነዚያው ዓመታት በማታ ትምህርት ከፊደል ተነስቼ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈን ነገር አቅልሎ አያይም። ስለዚህ የከፈትኩትን መስመር ሁሉ ደብተሬ ላይ እሥል ነበር። ማንሆሉ የት ነው፣ ቧንቧው የት ይታጠፋል፣ ምን ወጣ? ሁሉንም ጻፍኩ።

ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጋሽ ታደሰ ግን ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ሦስት ጥያቄ ነበራቸው። የተዘጋው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም? ማንሆሉ የት ነው? ከእኛ በፊት ምን ጨምራችሁበታል? ለሦስተኛው ጥያቄ «የባትሪ አሲድ» የሚል መልስ ከመጣ ጓንት ይቀይራሉ፤ ዋጋም ይጨምራሉ።

አንድ ላቫንዲኖ ብቻ ከሆነ ሲፎን መፍታትና ባለ እጀታው ጎማ ይበቃል፤ ርካሹ ይህ ነው። ራቅ ብሎ ከተዘጋ ስፕሪንግ ይገባል፤ ዋጋው እንደ ርዝመቱ ነው። ቅባት ቧንቧው ላይ ከጋገረ በግፊት ውሃ ይታጠባል፤ ማሽኑን ስለምንከራይ ዋጋው ከፍ ይላል። ሴፕቲክ ታንክ ከሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፤ የሚያስከፍለው በምልልስ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ቁፋሮ ነው። ለመቆፈር ትከፍላላችሁ፣ አፈሩን ለማንሳት ትከፍላላችሁ፣ ያፈረሳችሁትን መልሳችሁ ለመሥራትም ትከፍላላችሁ።

«ደንበኛ በውድ የሚከፍለው እኛ ለማናውቀው ነገር ነው» ይሉ ነበር ጋሽ ታደሰ። «የት እንደተዘጋ ካወቅሽ ሥራው ርካሽ ነው።»

ይህንንም ጻፍኩት። ችግሩ ግን ማንም የት እንደተዘጋ በትክክል አለማወቁ ነበር። ባለ ስፕሪንጎቹ ገመዱ ሲቆም «እዚህ አካባቢ ነው» ይላሉ። አካባቢ ማለት ከማድ ቤት እስከ አጥር ሊሆን ይችላል።

አባቴ ዳዊት ይደግሙ ነበር። የዳዊታቸው ቅጠሎች ጠርዝ ላይ ቀያይ ክሮች ተሰፍተዋል፤ የሚፈልጉትን ቦታ ሳያገላብጡ የሚያገኙት በእነሱ ነው። ማንበብ ባልችልበት ጊዜ እንኳ ክሮቹን እቆጥር ነበር። አንድ ቀን ስፕሪንጉን ሱቁ ወለል ላይ ዘረጋሁትና በየሜትሩ ቀይ ክር አጥብቄ ጠመጠምኩበት፤ እንዳይላጥም ቬርኒሽ ቀባሁት። አብረውኝ የሚሠሩት ወንዶች ሳቁ።

«አንቺ፣ ፍሳሽ ልትከፍቺ ነው ወይስ ጥልፍ ልትጠልፊ?»

የቀረኝን ክር መጠምጠሜን ቀጠልኩ። በየሁለት ሳምንቱ የተላጠውን አድስ ነበር። ስሜም ከዚያ በኋላ «ሜትር» ሆኖ ቀረ።

ስፕሪንግ በያዝኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በፋሲካ ሁለተኛው ቀን፣ እሪ በከንቱ ከሚባለው ሰፈር ካለ አንድ ግቢ ተጠራን። ለእኛ ሥራ ከፋሲካ ማግሥት የሚበልጥ ወቅት የለም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ በየቤቱ ዘይት ብቻ ነው፤ በአንድ ጠዋት ቅቤው፣ ሞራው፣ የዶሮው ቅባት ሁሉ ከድስት ታጥቦ ይወርዳል። ሰው በፈላ ውሃ ካጠበው የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተጉዞ እዚያ ይረጋል።

ግቢው ውስጥ ስምንት አባወራ በአንድ መስመር ይጠቀማል። በመግቢያው በኩል እትዬ አልጋነሽ የሚባሉ ሴት ምሳ ይሸጣሉ። ፍሳሹ የሞላው ከእሳቸው ማድ ቤት አጠገብ ባለው ማንሆል ነው፤ ከዚያም ወደ ጋራው ልብስ ማጠቢያ ተርፏል። ስለዚህ ግቢው ተሰብስቦ ፈርዶባቸዋል። የማድ ቤታቸው ወለል ይቆፈርና ይፈተሻል፤ ጥፋቱ የእሳቸው ከሆነ ደግሞ ማድ ቤቱ እስከ መጨረሻው ይዘጋል። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። እኛን የጠሩን ራሳቸው እትዬ አልጋነሽ ናቸው።

«ልጄ፣ ሦስት ልጅ ያሳደግኩት በዚህች ማድ ቤት ነው» አሉኝ። «በጾም ገበያ የለኝም፤ የዓመት እንጀራዬ አሁን ነው የሚጀምረው። የእኔ ከሆነ የእኔ ነው በዪኝ። ካልሆነ ግን ዝም አትበዪ።»

ዝም ማለት ልማዴ ስለነበር ደነገጥኩ።

የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ግርማ ጡረተኛ ናቸው፤ ጋቢ ለብሰው በረንዳቸው ላይ ቆመው ነበር። ጋሽ ታደሰ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዱካ ተሰጥቷቸው ጥላ ሥር ተቀመጡ። «ዛሬ ሥራው የእሷ ነው» አሉ፣ በእጃቸው ወደ እኔ እያሳዩ።

«ይቺ?» አሉ አቶ ግርማ።

«ይቺ።»

የማንሆሉን ክዳን አነሳሁ። እስከ አፉ ሞልቷል።

«አቶ ግርማ፣ ማድ ቤቱ አይቆፈር» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «ከማድ ቤቱ እስከዚህ ያለው ቢዘጋ ኖሮ ይህ ማንሆል ባዶ ይሆን ነበር። ከሞላ ግን የተዘጋው ከዚህ ወዲያ ነው።»

«ወዲያ የት?»

«ልለካው ነው።»

የቆፋሪዎቹ አለቃ ሰዓቱን አየ። «እህቴ፣ እኛ የመጣነው ልንቆፍር ነው እንጂ ስትቆጥሪ ልናይ አይደለም።»

«ለቆምክበትም ይከፈልሃል፤ አረፍ በል» አሉት ጋሽ ታደሰ።

መውጫውን ቧንቧ በፌሮ ብረት ዳስሼ አገኘሁት። ግቢው ወደሚያዘቀዝቅበት፣ ወደ አቶ ግርማ ቤት ያመራል። ስፕሪንጉን አስገባሁ። አንድ ክር፣ ሁለት ክር እያልኩ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ከአምስተኛው በኋላ ጎረቤቱም አብሮኝ ይቆጥር ጀመር። አሥራ አራተኛው ቀይ ክር ማንሆሉ አፍ ላይ ሲደርስ ገመዱ ቆመ። አዞርኩት፤ አልገባም። ደጋግሜ ገፋሁት፤ ያው አሥራ አራት። ቅባት ብቻ ቢሆን ጫፉ ይሰምጥበት ነበር። ይህ ግን ጠንካራ ነው።

ከአሥራ አራቱ አንድ ሜትር ቀነስኩ፤ እሱ የማንሆሉ ጥልቀት ነው። ይህን ባልቀንስ ኖሮ የምናፈርሰው የአቶ ግርማን ሳሎን ነበር። አሥራ ሦስት ሜትር መሬት ላይ ለካሁና ቆምኩ። የቆምኩት በረንዳው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ፣ አቶ ግርማ እግር ሥር ነው።

በፌሮው ጫፍ መታ መታ አደረግኩ። ዙሪያው ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ እኔ የቆምኩበት ግን እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል።

«እዚህ ሥር ሁለተኛ ማንሆል አለ» አልኩ።

«የለም!» አሉ አቶ ግርማ። «ሴራሚኬን አትነኪም! ይህ ቤት የስንት ዓመት ቤት ነው፤ እኔ የማላውቀው ማንሆል የለውም።»

ቆፋሪዎቹ ወደ እትዬ አልጋነሽ ማድ ቤት ተመለከቱ። እትዬ አልጋነሽ እኔን ብቻ ያያሉ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «እባክዎ አራት ሴራሚክ ላንሳ። ከሥሩ ክዳን ካልተገኘ በራሴ ደመወዝ መልሼ አስነጥፈዋለሁ።» ይህን ስል ጋሽ ታደሰን አላየኋቸውም፤ ባያቸው ኖሮ አልጨርሰውም ነበር።

ያን ጊዜ የአቶ ግርማ ባለቤት ከበሩ ውስጥ ብቅ አሉ።

«ኧረ ግርማ! ለልጃችን ሽማግሌ ሊመጣ ጊዜ ያስነጠፍከውን ረሳኸው? ሽማግሌ የፍሳሽ ክዳን እየረገጠ አይገባም ብለህ?»

አቶ ግርማ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ሄዱ። ፈቃድ ማለት ያ ነበር።

አራቱን ሴራሚክ በመሮና በመዶሻ አነሳሁ። ክዳኑ ከሥሩ ነበር። ከፈትኩት፤ ውስጡ ደረቅ ነው፤ ጠብታ የለውም። ከላይ የሚመጣው ቧንቧ አፍ ላይ ግን ራስ የሚያህል የሲሚንቶ ድንጋይ ተሰክቷል፤ ሴራሚኩ ሲነጠፍ የተንጠባጠበ ነው። እሱ ላይ የስምንት አባወራ ፋሲካ ረግቶበታል።

«ዞር በሉ» ብዬ ከጎኑ ቆሜ መታሁት። በሦስተኛው ተሰነጠቀ፤ በአራተኛው ወጣ። ውሃው እያጓራ መጣና ማንሆሉን ሞልቶ፣ ወዲያው ወደ ታች ወረደ። ከወዲያ በኩል አንዲት ልጅ «ጎደለ! እዚህ ጎደለ!» ብላ ጮኸች። እልልታው ከልብስ ማጠቢያው ተነስቶ እስከ ውጭው በር ደረሰ። እጣቢ ሲወርድ እልል ሲባል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ታደሰ ከዱካቸው ሳይነሱ «አቶ ግርማ» አሉ፣ «ልጅዎ በዚህ በር ተድራ ወጣች፤ ፍሳሹ ግን ቀርቶብዎት ኖሯል።»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው አቶ ግርማ ናቸው። ከዚያ ግቢውን አቋርጠው እትዬ አልጋነሽ ፊት ቆሙና ሰው ሁሉ እየሰማ «አልጋነሽ፣ አስቀየምኩሽ፤ ይቅር በይኝ» አሉ።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ እትዬ አልጋነሽ። «ግን ከሰዎቹ ጋር መጥተህ ምሳ ትበላለህ። ከእንግዲህ ስለ ማድ ቤቴ የምታወራው አይተኸው ነው።»

ቆፋሪዎቹም በሉ። አለቃቸው እጁን ታጥቦ ሲጨርስ ስፕሪንጌን አንስቶ ክሮቹን በጣቱ ዳሰሰ። «ይህን ቬርኒሽ ከየት ነው የምትገዢው?» አለኝ።

በሳምንቱ ሱቅ ስገባ ያሉን ስፕሪንጎች ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘርግተው ጠበቁኝ። ጥልፍ ትጠልፊያለሽ ሲሉኝ የነበሩት ወንዶች ተንበርክከው ክር ይጠመጥማሉ፤ ጋሽ ታደሰ በሜትር ይቆጣጠራሉ። «ሁለተኛው ላልቷል» አልኩ። ፈትተው ጠመጠሙት።

ፒያሳ ከዚያ ወዲህ ብዙ ፈርሶ ብዙ ተሠርቷል። የደብተሬ ግማሽ ዛሬ የሌሉ ግቢዎችን ነው የሚያሳየው። ዛሬ ካሜራ ቧንቧ ውስጥ ይገባል፤ መልካም ነው፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። የካሜራውም ገመድ በየሜትሩ ምልክት አለው።

ለምትጀምሩት የምለው አጭር ነው። ባልዲውን አስቀድሙ። ከመቆፈራችሁ በፊት ለኩ፤ ስትለኩ ጥልቀቱን ቀንሱ። የማንሆል ክዳን ላይ ምንም አታንጥፉ።