ዘይቱን ማን ጠጣው?

ተሳካ! ሆዴ አልችል ስላለ ቶሎ ልናገር፤ ዳገቱን ወጣች፣ ወርዳ ተመለሰች፣ ዘይቷም ካለበት ንቅንቅ አላለም። የምሥራቹ የታላቅ እህቴ ነው፤ የወጣችው ደግሞ መኪናዋ ናት።

እህቴ ሹፌር ናት። ተራራው ላይ ላሉት ጤና ጣቢያዎች መድኃኒትና ክትባት ስታመላልስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፤ ሁሉንም በዚህችው መኪና። አብራችሁ ሸበታችሁ ስላት፣ መኪናዋስ ቀለም ትቀባለች፣ አንተ ምን ይሻልሃል ትለኛለች።

ችግሩ ከትራንስፈሩ መጣ። እስካለፈው ወር እኔም አላውቀውም ነበር፤ ለካ ማርሽ ከሚቀይረው ከካምቢዮው ኋላ የተጣበቀ፣ የሞተሩን ጉልበት ለአራቱም ጎማ የሚያከፋፍል የብረት ሳጥን ነው። ይሄ ሳጥን ዳገት ሲያይ ማላዘን ጀመረ። ሲከፈት ዘይቱ ጎድሏል። ይሞላል። ከሦስት ጉዞ በኋላ ደግሞ ያው ጎድሎ ይገኛል። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ስለቆመች የቢሮው ኃላፊ ቁርጡን ተናገሩ፤ ሦስተኛ ከቆመች በብረት ዋጋ ትሸጣለች፣ እህቴም መጋዘን ሥራ ትገባለች። ይህን የሰማው አጎታችን ሞተሩን ለወፍጮ ሊያውለው አስቦ ግቢውን መጥረግ ጀመረ። ክፋት የለውም፣ ችኩል ነው እንጂ።

መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ “ነገ ና” ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ ጋራዡ የሄደ ያውቃል። እሱ፣ ዘይቱ ይፈስሳል አለ። እህቴ ከሥራ ስትመለስ ከመኪናው ሥር ካርቶን አነጠፈች፤ ጠዋት ተንበርክካ እንደ ጋዜጣ አነበበችው። ጠብታ የለም። በማግስቱም የለም። ነገ ና ታዲያ ተንኖ ይሆናላ ሲላት፣ ዘይት ነው ወይስ ሽቶ ብላ አፉን አስያዘችው።

እኔ በበኩሌ እንቅልፍ አጣሁ። ሙሉ ጣሳ ዘይት የት ይገባል? መሬት አልነካ፣ በጭስ አልወጣ!

ባለፈው ሳምንት እህቴ ጋራዡ ውስጥ በጀርባዋ ተኝታ መኪናው ሥር ገባች። እኔ መብራት ያዥ ነኝ። ሁለቱን ሳጥኖች እያፈራረቀች አየችና መፍቻ ጠየቀች፤ የካምቢዮውን የዘይት መሙያ ክዳን ልትፈታ።

“ካምቢዮው ምን አጠፋ?” አለ ነገ ና እየሳቀ። “አንድ ቀን እንኳ ጮኾ አያውቅ።”

“ለዚህ ነው የጠረጠርኩት” አለች። “ከሁለት ጎረቤት አንዱ ሲከሳ፣ ሌላውን ማየት ነው።”

ክዳኑ ሲላላ ዘይቱ ተንፎለፎለ፤ የኔን እጅጌ፣ የነገ ናን ጫማ አዳረሰ። ካምቢዮው እስከ አንገቱ ጠጥቶ ኖሯል! በሁለቱ መሃል ያለችው የዘይት መከላከያ ጎማ ደርቃ ተሰንጥቃ፣ ዘይቱ በውስጥ ለውስጥ ይሻገር ነበር። ሁላችንም የሚጮኸውን ስንደባብስ፣ ዝምተኛው እየወፈረ።

ከዚያ ወዲያ ነገ ና ሌላ ሰው ሆነ። ሁለቱን አለያየ፣ ያለቁትን ኩሽኔታዎች ቀየረ፣ በመሃላቸው ወፍራም አዲስ መከላከያ ጎማ አስገባ። በዚህም አላበቃም፤ ከካምቢዮው ወደ ትራንስፈሩ የምትመልስ ቀጭን ቱቦ በራሱ ሐሳብ ዘረጋ። ጎማዋ አንድ ቀን ብትሰነጠቅ እንኳ የተሻገረው ዘይት ተመልሶ ይግባ ብሎ ነው። ደግሞ በቀጠረን ቀን ጨረሰ፤ እህቴ ከዘይቱ ይልቅ ይሄ ገረመኝ አለች።

ከጥገናው ወዲህ ሦስተኛው ጉዞ ዛሬ ነበር። አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ያ ክፉ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ስንደርስ ሬዲዮውን አጠፋች።

“ስማ” አለችኝ።

ጆሮዬን አቆምኩ። “ምንም አይሰማኝም።”

“እሱኑ ነው ስማ ያልኩህ።”

ከዓይኗ ዕንባ ዱብ አለ፤ አቧራ ነው አለች። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር።

ስንመለስ ኃላፊው ፊት ሁለቱም ክዳኖች ተከፈቱ፤ ዘይቱ ሁለቱም ጋ ከልኩ አልጎደለ፣ አላለፈ። ኃላፊው የመሸጫውን ደብዳቤ ለሁለት ቀደው፣ በሉ ነገ ክትባት አለ ብለው ሄዱ።

አጎታችን ግን ገና አልሰማም። ለወፍጮው ወለል አሸዋ አስጭኖ አካፋ ሲያነሳ ትቼው ነው የመጣሁት። ሲሚንቶው ሳይቦካ ልድረስበት!