የሻምበሉ አስተርጓሚ

ሻምበሉን ቶሮንቶ ውስጥ ያገኘኋቸው ሊፍት ውስጥ ነው። ሴንት ጄምስ ታውን የሚባለው ሰፈር በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ የታጠበ ልብስ በቅርጫት ይዤ ከምድር ቤት ስወጣ በሩ ተከፈተና ፊት ለፊቴ ቆመው አየኋቸው። ጦር ሜዳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሬዲዮ ሠራተኛቸው ነበርኩ። ሠራዊቱ ሲበተን እኔ በሱዳን፣ እሳቸው በኬንያ በኩል ስለወጣን አንዳችን የሌላችንን በሕይወት መኖር አናውቅም ነበር። ቅርጫቱን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አሳርፍ» አሉኝ። ከዚያ አቀፉኝ። ትንፋሻቸው ዊስኪ ዊስኪ ይላል። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

እሳቸው የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ እኔ ስካርቦሮ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍላቸው ውስጥ አራት አምስት የቀድሞ ወታደሮች እንሰበሰባለን። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሻምበሉ ይቀዱልናል፤ ቆመን ለቀሩት ጓዶች ብለን እንጠጣለን። ሁለተኛው ላይ እንቀመጣለን። ከዚያ በኋላ ሥርዓት የለም። ስለ ጦርነቱ ያን ያህል አናወራም ነበር። ወሬያችን ስለ ጫማ፣ ስለ ደረቁ የወታደር ብስኩት ስለ ኮቾሮ፣ ፈረስ መጋለብ ስለማይችል አንድ የክፍለ ጦር አዛዥ ነበር። ያኔ ብትጠይቁኝ የምንጠጣው በጦርነቱ ምክንያት ነው እላችሁ ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ መጠጥ የጀመርኩት ማሠልጠኛ ጣቢያ እያለሁ፣ አንድ ጥይት ሳልተኩስ ነው።

አንድ የበልግ ጠዋት ሻምበሉ ወደ ሥራ ሲሄዱ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ወደቁ። ቅንድባቸው ተሰፋ፤ ሐኪም ዘንድም ቀጠሮ ተሰጣቸው።

«እንግሊዝኛውን እሰማለሁ፤ መመለሱ ነው የሚያቅተኝ። አንተ ትተረጉምልኛለህ» አሉኝ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ስለ እንቅልፋቸው ጠየቀች፣ ስለ ምግባቸው ጠየቀች፤ የተባባሉትን ሁሉ ወዲያና ወዲህ አመላለስኩ። ቀጥላ በሳምንት ምን ያህል እንደሚጠጡ ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው።

«ለበዓል ለበዓል» አሉ።

ግድግዳው ላይ የሰው ጆሮ የውስጥ ክፍል የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል። እሱን አየሁ። ሁለት ዓመት የእሳቸውን ቃል አንድ ፊደል ሳላጎድል ሳስተላልፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተቀየረ መልእክት ሰው ያስገድላል ተብለን ነው የተማርነው። ለሐኪሟ ግን በየቀኑ እንደሚጠጡ፣ ከጠዋት እንደሚጀምሩ፣ ቅዳሜ መቆም እስኪያቅታቸው እንደሚጠጡ ነገርኳት። እንዴት እንዳወቅኩ ስትጠይቀኝ አብሬያቸው እንደምጠጣ ጨመርኩ። እሷ ጻፈች። ሻምበሉ ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ።

ከክሊኒኩ ወጥተን ሁለት መንገድ ተሻገርን።

«እኔ ሁለት ቃል ነው የተናገርኩት» አሉ። «ያንተ ትርጉም ረዘመ።»

«አዎ ሻምበል።»

«ስለ ራስህም ጨመርክ።»

«አዎ።»

«ይህን ሜዳ ላይ ብታደርገው አስርህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ሳምንት ሙሉ አልደወሉልኝም፤ በዚያ ቅዳሜም በራቸው አልተከፈተም። በስምንተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። «ሐኪሟ ብቻህን ባንዴ ብታቆም ትሞታለህ፣ ሆስፒታል ተኝተህ ነው የምታቆመው ብላኛለች። ሻንጣ አለህ?» አሉኝ። ሻንጣዬን ወሰድኩላቸው።

በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አላወቁኝም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንሶላው በላብ ርሷል። ጣሪያውን እያዩ ትእዛዝ ይሰጣሉ። «ሦስተኛው መቶ ለምን አይመልስም? ጥራቸው! ደግመህ ጥራቸው!» ነርሷ ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ። ወታደሮቻቸውን እየጠሩ ነው አልኳት።

«ታዲያ መልስላቸዋ» አለችኝ፣ ትራሱን እያስተካከለች።

እጄን ሬዲዮ እንደያዘ ሰው አፌ ላይ አድርጌ «ሦስተኛው መቶ በሰላም ወጥቷል፤ ሁሉም ደርሰዋል» አልኩ። ሦስተኛው መቶ አልወጣም። ያን ቀን ሬዲዮው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሻምበሉ ግን መጥራታቸውን አቆሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ከሆስፒታሉ ወጥቼ በመጀመሪያ ያገኘሁት መጠጥ ቤት ገባሁና ቆሜ ጠጣሁ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ከስተው ነበር። ቅዳሜ በራቸው እንደገና ተከፈተ፤ የሚቀርበው ግን ሻይ ነው። ጓደኞቻችን አንድ ሁለት ጊዜ መጡና ቀሩ። አንዱ «ሻምበል ጴንጤ ሆኑ» ብሎ አወራ። አልሆኑም፤ ጾማቸውን እንደ ድሮው ይጾሙ ነበር። እኔም የቅዳሜውን መጠጥ ወደ ሌላ ሰው ቤት አዛውሬ ከዓመት በላይ ቀጠልኩ። አንድ ቀን ጠጥቼ እሳቸው ዘንድ ገባሁ።

«ምን ያህል ጠጣህ?» አሉኝ።

«ትንሽ።»

«ሐኪሟ ዘንድ እንሂድና እኔ ልተርጉምልህ። እንግሊዝኛዬ ተሻሽሏል።»

ሲቀልዱ ሰምቻቸው ስለማላውቅ ቀልድ መሆኑ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ሰኞ ግን በቁም ነገር አብረውኝ ሄዱ። ወረፋ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ኮታቸውን ሳያወልቁ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ።

እንደ እሳቸው ባንዴ አልተውኩም። ሁለት ጊዜ ትቼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቆምኩ፤ ለምን በሦስተኛው እንደሆነ አላውቅም። ሻምበሉ አልመከሩኝም። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን ደውለው «ና» ይሉኛል፤ ሰፈራችን አጠገብ ያለውን ወንዝ ይዘን በእግራችን እንሄዳለን። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጭር ያሉ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ያን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ፣ ድንገት «ሆስፒታል የመለስክልኝን ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ውሸት መሆኑን ተኝቼም አውቄዋለሁ። ቢሆንም ደስ አለኝ።»

ከጥቂት ዓመት በኋላ አገር ቤት ቀርተው የነበሩት ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጡላቸው፤ ስካርቦሮ ቤት ተከራይተው ገቡ። እኔ ምሳ ተጋበዝኩ። ባለቤታቸው እንግዳ ላክብር ብለው ከሳህኔ አጠገብ ቢራ አስቀመጡልኝ። ሻምበሉ ቢራውን አነሱና በቦታው ውኃ አደረጉ። ባለቤታቸው ደነገጡ፤ ልጆቹ ተያዩ። እኔ ውኃውን ጠጣሁ። ከዚያ ትልቁ ልጅ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤቱ ማውራት ጀመረ፤ ሁላችንም እሱን ሰማን። በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ስመለስ ገና ፀሐይ ነበረች።