ሃሊሞ ሐጂ ጦልሃን የጎተተችበት ቀን

ሃሊሞ ድምፅዋን ያጣችው ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ ነው። ከሰመመን ስትነቃ ነርሷ ስሟን ጠየቀቻት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ወደ ድምፅ የሚሄደው ነርቭ ሳይጎዳ እንዳልቀረ ነገራት። አንድ ወር ሙሉ እንዳትናገር፣ እንዳታንሾካሹክ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዳትጮህ አጥብቆ አስጠነቀቃት። ልጇ ፋርሂያ ድምፅዋ ይመለስ እንደሆነ ስትጠይቀው «እናያለን» ብቻ አለ። ያቺ «እናያለን» ሃሊሞ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ሃሊሞ ድሬ ከተማ መጋላ ሰፈር ውስጥ ከመልካ ጀብዱ የሚመጣላትን ሎሚና ፓፓያ የምትሸጥ፣ የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት። እኔ የድሮ ደንበኛዋ ነኝ፤ የሆነውን ከእሷም ከልጇም ከሐጂ ጦልሃም ሰምቼ ነው የገጣጠምኩት። ሰው የሚያውቃት ከሎሚዋ ይልቅ በሰላምታዋ ነው። ኦሮሞውን በኦሮምኛ፣ ሶማሌውን በሶማልኛ፣ እኔን በአማርኛ ይዛ የልጆቹን ትምህርት፣ የጉልበቱን ሕመም፣ የፍየሉን ጤና ሳትጠይቅ አትለቅም። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ስለምንል እንግዳ ሰው ባለጌዎች እንመስለዋለን። አክብሮታችን ያለው ግን እጃችንና ዓይናችን ላይ ነው። ሽማግሌ ሲያልፍ ብድግ እንላለን፤ ዕቃ ስናቀብል ቀኝ ክንዳችንን በግራ እጃችን እንደግፋለን፤ እጅ ለማይጨብጥ ሰው መዳፋችንን ደረታችን ላይ እናሳርፋለን። ሃሊሞ ይህን ሁሉ ታውቅበታለች። በእጄና በፊቴ እየተናገርኩ ወሩን እገፋዋለሁ ብላ ነበር።

አልሆነላትም። የተሰፋው አንገቷ በሻርፕ ስለተሸፈነ መታመሟን የሚያይ የለም። ሰላም ያላት ሰው ደረቷን ይዛ ጎንበስ ስትልለት ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ግን ዞር ብሎ ያያታል። ያ መዞር ያስፈራት ጀመር። ፋርሂያ አጠገቧ ስትሆን ታስረዳላታለች፤ ነገር ግን ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ የለችም። ሃሊሞ ራሷ መጻፍ አትችልም። የሚያውቃት ሰው ከሩቅ ሲመጣ ወደ ሌላ መንገድ ትታጠፋለች። ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ሃሊሞ ኮራች ተባለ።

በዚያው በቀዶ ሕክምናዋ ሰሞን የሐጂ ጦልሃ ሚስት ሞተው ነበር። ሐጂ ጦልሃ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሃሊሞ በቀብሩ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር ለቅሶ አልደረሰችም። ከሳምንት በኋላ ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ሐጂም ቆሙ፤ የምትላቸውን ጠበቁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቃል የግድ ነው። አፏን ከፈተች፤ የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው። እንባዋ መጣና እሱን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች። ሐጂ ፊቷን ያዞረችባቸው መሰላቸው። አልፈዋት ሄዱ።

ፋርሂያ ሄጄ ልንገራቸው ብትላት እምቢ አለች፤ በእንዲህ ያለ ነገር ልጅ መላክ ሌላ ድፍረት ይሆንባታል። ድምፄ ሲመለስ ራሴ እሄዳለሁ ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ ባይመለስስ የሚለው መጣባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ አስር ሰዓት ግድም፣ ዝናብ ካልጣለ ደረቅ የሆነውን የደቻቱን ወንዝ ዳር ይዛ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። ከተማው ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በደቡብ በኩል ተራሮቹ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። የዘጠና ስምንቱን ጎርፍ ያየ ሰው የነሐሴን ደመና እንደ ሌላው ሰው አያየውም፤ ሃሊሞ ያኔ ታናሽ እህቷን አጥታለች። ስለዚህ እርምጃዋን አፈጠነች። ታች፣ ደረቁ አሸዋ ላይ አንድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ሦስት ሰዎች አሸዋ ይጭናሉ። ከማዶ ደግሞ ሐጂ ጦልሃ በድልድዩ መዞሩ ስለሚርቅባቸው በከዘራቸው እየተደገፉ ወንዙን አቋርጠው ወደ መጋላ ይመጣሉ። ገና መሐሉ ጋ ነበሩ።

መጀመሪያ የደረሳት የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። ቀና ብላ ወደ ላይኛው መታጠፊያ ስታይ ቡናማ ነገር ግንድ ተሸክሞ ወደ ታች ይንከባለላል። ልትጮህ ሞከረች፤ ከጉሮሮዋ ሲር የሚል አየር ብቻ ወጣ። መዳፏን ወደ ታች ዘቅዝቃ በጣቶቿ ቶሎ ና፣ ቶሎ ና አለቻቸው። ሐጂ አዩዋት። ይቅርታ ልትጠይቃቸው የምትጠራቸው መሰላቸው። በኋላ እንደሚሆን በእጃቸው አሳይተው ፊታቸውን አዞሩ፤ እንዲያውም እርምጃቸውን ቀነስ አደረጉ።

ሃሊሞ ወረደች። ወደዚያ አሸዋ ስትገባ ሰውነቷ የሌላ ሰው ይመስል ነበር ትላለች፤ እግሯን አታዘውም፣ ዝም ብሎ ይሮጣል። ደርሳ የሐጂን እጅ ያዘች። በሕይወታቸው የባዕድ ሴት እጅ ጨብጠው የማያውቁትን ሰው፣ በሁለት እጇ ጨምድዳ ጎተተች።

«አቦ ልቀቂኝ፣ ምን ሆነሻል?» አሉ ሐጂ።

አልለቀቀችም። ከዘራቸው ወደቀ። በትከሻቸው ያለውን ፎጣ አንገታቸው ሥር ይዛ ሳበቻቸው፤ እሳቸውም ገፈተሯት። መኪናው ላይ ያሉት ሰዎች ይህን አይተው ደነገጡ። ሽማግሌ በሴት ሲንገላታ ዝም ብሎ የሚያይ የለም፤ ሾፌሩ ምን እንደሚባባሉ ለመስማት ሞተሩን አጠፋ።

ያኔ ሁሉም ሰሙት። ተራራው የሚናድ የሚመስል ድምፅ ነበር።

ሐጂ መገፈተራቸውን ተዉ። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ጥለው ሮጡ፤ አንደኛው በመንገዱ ሐጂን ከብብታቸው ሥር አንስቶ ከሃሊሞ ጋር ዳሩ ላይ አወጣቸው። ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ውኃው ደረሰ። መኪናውን እንደ ቆርቆሮ አገላብጦ ወሰደው። ሰው ግን አልጎደለም።

ሃሊሞ አፏ ውስጥ የደም ጣዕም ነበር። ለመጮህ ስትታገል ጉሮሮዬን ቀድጄዋለሁ፣ ከእንግዲህ ድምፅ የለኝም አለች በልቧ። ከጎርፉ እኩል ይሄ አስፈራት። የሐጂን እጅ አሁንም እንደያዘች ነበር። ሰው ተሰብስቦ ሲያያቸው ነው ልብ ያለችው፤ ልትለቅ ብትሞክር ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ሐጂ ራሳቸው በሌላ እጃቸው አንድ በአንድ አላቀቁላት።

ፋርሂያ ያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ ሐጂ ቤት ሄዳ ሁሉን ነገረቻቸው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሐጂ በሰው ከዘራ እየተደገፉ መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሃሊሞ ወጥታ ፊታቸው ቆመች፤ ፈርታ ነበር፤ ስለ እጃቸውና ስለ ፎጣቸው ይቆጡኛል ብላ። እሳቸው ቀና ብለው ሻርፗን አዩ።

«አንገትሽን ሸፍነሽ እኔ በምን ልወቅ?» አሉ። «ያን ቀን መንገድ ላይ አላህ ያጽናህ ልትዪኝ ነበር፣ አይደል?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«አሚን» አሉ። «ሰምቼዋለሁ።»

በማግስቱ ሐኪሙ ጉሮሮዋን አየ። የደማው ትንሽ ቦታ ነበር፤ ነርቩ ግን ገና አልተንቀሳቀሰም። እንደገና «እናያለን» አለ። አምስት ወር እንደዚያ እየሰጋች ኖረች። ጥር ላይ አንድ ጠዋት ሎሚ ከጆንያ ስታራግፍ ጣቷን እሾህ ወጋትና «ዋይ» አለች። ደንግጣ ዙሪያዋን አየች፤ ማን እንደተናገረ ለማየት።

ዛሬ ድምፅዋ አለ፤ ሻካራና ወፍራም ነው፤ በስልክ ሲሰሟት ወንድ የሚመስላቸው አሉ። ሰላምታዋ እንደ ድሮው አይረዝምም፤ ቶሎ ይደክማታል። ከጎርፉ ወዲህ የደቻቱን አሸዋ ረግጣ አታውቅም። ተራራው ላይ ሲጠቁር ሎሚዋን ሳትሸፍን ጥላ ትነሳና አጠገቧ ያለውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ክንዱን ትይዛለች።