በየሁለት ሰዓቱ የሚታመመው ቀበቶ

ሰውየውን መጀመሪያ ያየሁት በፋብሪካችን ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ጥርሳቸው ያለቀው ሽማግሌ የበር ጠባቂ ከደረቀ ዳቦ ጋር ሲታገሉ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሰው የራሱን ትኩስ ዳቦ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው።

«አባባ፣ በሞቴ ይለውጡኝ። ትኩስ ዳቦ ሆዴን ይነፋኛል።»

«አንተ ደግሞ ሆድህ መራጭ ነው!» ብለው ለወጡት። ውለታ የዋሉት እሳቸው መስሏቸው ነበር። እሱም ደረቁን ዳቦ ቆራርሶ፣ አንዱ ቁራጭ በሻዩ ርሶ ሳይለሰልስ ሌላውን ሳይነክር፣ ሳይቸኩል በላ። በማግስቱ እኔ ወደምሠራበት ዕቃ ግምጃ ቤት ጓንት ሊወስድ ሲመጣ ማንነቱን አወቅሁ፤ የትልቁ ታንከር ኦፕሬተር ነው፤ ሁሉም «ጋሽ ቀስታ» ይለዋል።

ፋብሪካችን የስንዴ ገለባ ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩ ደግሞ ተብላልቶ ነዳጅ ይሆናል። ገለባውን የሚያፈርሰው ከሻጋታ የሚወጣ ኢንዛይም የሚባል ነገር ነው። በዓይን የማይታይ መቀስ በሉት። ፈጣሪ በሻጋታ ውስጥ ይህን ያህል ጥበብ ማስቀመጡን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ አመሰገንኩ።

ችግሩ ውሃው ነው። ውሃ ከበዛ ስኳሩ ይቀጥንና ነዳጁን ለማጣራት ብዙ እሳት ይፈጃል። ስለዚህ አዲሷ ኢንጂነር «ወፍራም ይሁን፤ ከመቶው ሠላሳ እጁ ገለባ ሆኖ በአንድ ጊዜ ይግባ» አለች። ገባ። ገለባው ውሃውን ምጥጥ አድርጎ ጠጣ፤ የታንከሩ ማማሰያ ቀጥ አለ፤ ሞተሩ ተቃጠለ። ሁለተኛውም ሞተር እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ከተቃጠለ ታንከሩ ሊዘጋ፣ ጋሽ ቀስታና ሦስት ባልደረቦቹም ሊሰናበቱ ተወሰነ።

«እየከፋፈልን እናስገባው» አላት። «ኢንዛይሙ የመጀመሪያውን ሲያቀጥነው ሁለተኛውን እንጨምር።»

«ጋሼ፣ መመሪያው በአንድ ጊዜ ነው የሚለው።»

አልተከራከራትም። በሦስተኛው ሙከራ ቀን ግን ገለባ የሚያጓጉዘው ቀበቶ ሩቡን እንዳስገባ ቆመ። ጋሽ ቀስታ ከሥሩ በጀርባው ተንጋሎ ብረቱን በመፍቻ ያንኳኳል።

«ምን ሆነ?» አለች ኢንጂነሯ እየሮጠች መጥታ።

«ታመመብኝ፣ እመቤቴ።»

«መቼ ነው የሚድነው?»

«ሁለት ሰዓት ካረፈ ይሻለዋል።»

እውነትም ከሁለት ሰዓት በኋላ ተሻለው፤ ሌላ ሩብ አስገብቶ ደግሞ ታመመ። በዚያ ቀን ሦስቴ ታሞ ሦስቴ ዳነ። ባልደረቦቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ በየተራ ወደ ጓሮ ሲመላለሱ ዋሉ። በማግስቱ የታንከሩ ቧንቧ ሲከፈት ያ ሁሉ ገለባ እንደ ዘይት ኩልል ብሎ ወረደ። ሞተሩ ለብ እንኳ አላለም።

«አየህ ጋሼ? ወፍራሙ ይሠራል አላልኩም?»

«ብለሻል፣ ብለሻል» አላት ጫማውን እያየ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እሰየው ነበር። ልጅቷ ግን ደግ ናት። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ከቀበቶ ሥር ሲለፋ መዋሉ አንጀቷን በላውና አዲስ ቀበቶ እንዲገጠም ፈረመች። ወረቀቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ እንደደረሰ ጋሽ ቀስታም ላብ በላብ ሆኖ መስኮቴ ላይ ደረሰ።

«ወንድሜ፣ ሰኞ ሊገጥሙት ነው። አዲስ ቀበቶ እኮ አይታመምም! ሞተሩ ሊቃጠል ነው፤ እኛም ልንባረር ነው።»

«ታዲያ ግምጃ ቤት ውስጥ የለም ብዬ ልጻፍ? እኔ ውሸት አልጽፍም» አልኩት፣ ሳቄ እያመለጠኝ።

«ዋሽልኝ ማን አለህ? ውሸቱን እኔው ጨርሼዋለሁ። አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፣ ጽሕፈትህም ያምራል። ለኢንጂነሯ እውነቱን ጻፍልኝ፤ ቀበቶው አንድም ቀን ታሞ እንደማያውቅ። ብቻ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በአንድ ጊዜ እንዳትጭንባት አደራ። መጀመሪያ ትንሽ ታስቃታለህ፤ ለስለስ ስትል ትቀጥላለህ።»